የደዮባንድ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ማን ነበሩ?

«የዳሩል ዑሉም ደዮባንድ የመጀመሪያ አስተዳዳሪ መውላና ቃሲም ናኖተዊ ናቸው፤ ሥልጣኑም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ላርምህ። ይህን ብዙ ሰው ይለዋል።

ይህ መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) ሰሜን ሕንድ ውስጥ በ1866 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የአስተዳደሩን ሥራ የያዙት ሐጂ ዓቢድ ሑሴን ናቸው። ናኖተዊ ያኔ ሚሩት ከተማ ነበሩ፣ ኑሯቸውም በማተሚያ ቤት ሥራ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ መሆናቸውን፣ የመድረሳው የበላይ ጠባቂ መሆናቸውን ማንም አይክድም። የቢሮውን ጣጣ ግን ለሌሎች ነው የተዉት። ሐጂ ዓቢድና መውላና ረፊዑዲን በየጊዜው እየተፈራረቁ መርተውታል። ዋና መምህሩ ደግሞ ሌላ ሰው ነበሩ፣ መውላና ያዕቁብ ናኖተዊ። ስማቸው መመሳሰሉም ሳያደናግር አልቀረም!

ውርሱን በተመለከተ፣ ወሬው ከምን እንደመጣ ይገባኛል። የናኖተዊ ልጅ ሐፊዝ አሕመድ ለረጅም ዓመታት አስተዳድረዋል። የልጅ ልጃቸው ቃሪ ጠይብ ደግሞ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይተዋል። ግን የሚሾመውም የሚሽረውም ሹራው፣ ማለትም የመድረሳው አማካሪ ጉባኤ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ቃሪ ጠይብ ከከባድ ውዝግብ በኋላ ለቀቁ፤ ቦታውን የያዙት መርጉቡር ረሕማን የቤተሰቡ አባል አልነበሩም። በ2011 እ.ኤ.አ. የተመረጡት ጉላም ቫስታንቪ እንዲያውም በምዕራብ ሕንድ ያለችው የጉጃራት ግዛት ሰው ነበሩ። ስለ ጉጃራት በሰጡት አስተያየት ጫጫታ ተነስቶ በወራት ውስጥ ሹራው አነሳቸው። ከዚያ አቡል ቃሲም ኑዕማኒ ተተኩ።