ክሊፑን ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ አታምጡብኝ!

ኧረ በፈጠራችሁ! ሰርግ ቀርጻችሁ ለኤዲት ስትሰጡኝ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ እንዳለ አምጡ ብዬ ስንቴ ልለፍልፍ? ዛሬም ያው ፍላሽ፣ ያው ክሊፕ ብቻ። 00000፣ 00001፣ 00002... ሌላ ምንም የለም። ፍላሹን ያመጡትን ሰውዬ «ፎልደሩስ ጋሼ?» ብላቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እሱማ ዝባዝንኬ ነው፣ አጠፋሁት! አንተ ልጅ፣ ሁለት ፋይል መቀጠል አቅቶህ ነው ኤዲተር ነኝ የምትለው? የእህቴ ልጅ በስልኩ ይቀጥለዋል!» አሉኝ። የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እስካሁን ጆሮዬ ይግላል።

ዝባዝንኬ! ኤቪሲኤችዲ በሚባለው የቪዲዮ ፎርማት የሚቀርጽ ካምኮርደር እኮ ረጅም ቀረጻ በአንድ ፋይል አያስቀምጥም። ካርዱ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ከተፎረመተ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ 2 ጊጋ ላይ የሚቆርጡም ካሜራዎች አሉ። በሰከንድ 17 ሜጋቢት ሲቀረጽ 4 ጊጋ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሽማግሌው ምርቃት መሃል ይሁኑ፣ ሙሽራው ቀለበት ያጥልቅ፣ ካሜራው ግድ የለውም፤ እዚያው ቆርጦ ቀጣዩን ፋይል ይከፍታል። ቁራጮቹ የአንድ ቀረጻ ልጆች መሆናቸውን የሚያውቀው ያ «ዝባዝንኬ» ነው፦ ፕራይቬት ውስጥ ኤቪሲኤችዲ፣ እሱ ውስጥ ቢዲኤምቪ፣ እዚያ ክሊፖቹ ካሉበት ከስትሪም ጎን ክሊፕኢንፍና ፕሌይሊስት የሚባሉ ፎልደሮች። እነሱን አጥፍታችሁ ቁራጮቹን ጎን ለጎን ስትደረድሩ መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ይቆረጣል፣ ምስሉ ይዘላል። «ውለዱ፣ ክ...» ብሎ «...በዱ» የለም!

መቀጠሉንማ እንቀጥለዋለን። የዊንዶውስን ትእዛዝ መጻፊያ፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍቶ ኮፒ፣ ስላሽ ቢ (copy /b)፣ ከዚያ ፋይሎቹን በፕላስ እያያያዙ በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። ስላሽ ቢዋ ከቀረች ፋይሉ ይበላሻል። ግን የትኛው ከየትኛው ይቀጠል? ስሙን «ሰርግ አዲሱ»፣ «ሰርግ ዋናው» ብላችሁ ቀይራችሁታል!

የሁለት ካርድ ጉድ ደግሞ አለ። ብዙ ካሜራ ካርዱ ሲፎረመት ቁጥሩን እንደገና ከ00000 ይጀምራል። የጠዋቱን ካርድ የከተታችሁበት ፎልደር ውስጥ የከሰዓቱን ስትጨምሩ ዊንዶውስ «ልተካው?» ይላል፤ አዎ ትላላችሁ፤ የሙሽሪት ቤት ቀረጻ በሙሉ ሄደ። ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ ፎልደር ክፈቱለት፣ ምን ይከብዳል?

ሰዓቱስ! የካሜራ ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይሞላም ብዬ አፌ ደረቀ። ለምሳሌ 2025 መሆን ያለበት 2017 ተብሎ ይገባል፣ የጠዋቱ 3 ሰዓት ደግሞ 3 ተብሎ ሲሞላ ካሜራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው ብሎ ይይዘዋል። ጳጉሜንማ የሚገባበት ወርም የለው። ያኛው ካሜራ በትክክል ተሞልቶ ይሄኛው በስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርቶ፣ በቀን ደርድረህ አስማማ እባላለሁ።

ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ «ይሄ አያስፈልግም» እያላችሁ ክሊፕ የምታጠፉትም አላችሁ። የካሜራው ማውጫ ይዛባል፣ መልሳችሁ ስትከቱት ካርዱን ላስተካክል ወይ ይላችኋል፣ ከዚያ ካሜራው ተበላሸ ብላችሁ ትደውላላችሁ። ማጥፋት ካማራችሁ በካሜራው ሜኑ አጥፉ። ቴሌግራም ላይ ልላክልህ የሚለውም አልቀረም፤ 4 ጊጋ ፋይል በነጻው ቴሌግራም አይሄድም፣ 2 ጊጋ ላይ ይቆማል፣ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ጥራቱም ይወርዳል።

ደከመኝ። እሁድ ቅልቅል አለ። ካርዱን ራሱን፣ ሳይነካ፣ ካርዱ ጎን ያለችውን፣ እንዳይጠፋ የምትከላከለዋን ቁልፍ ወደ ሎክ ገፍታችሁ አምጡልኝ። ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ካለ ከበሩ እመልሰዋለሁ፣ ጋሼም ቢሆኑ።