እርማት፦ የኮሶውን ሥዕል ብሩስ አይደለም የሳለው

ሰላም ለሁላችሁ። የደብረ ብርሃን ልጆች ለዕፀዋት ሥዕል ዐውደ ርእያቸው የለጠፉትን የድሮ የኮሶ ሥዕል አይታችሁ፣ አብዛኞቻችሁ “ጄምስ ብሩስ በገዛ እጁ የሳለው ነው” ብላችኋል። አልፈርድባችሁም፤ እንዲህ እንድናስብ ያደረገን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ ራሱ ነው።

ሠዓሊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል። ብሩስ ቀጥሮ ይዞት የመጣ የጣሊያን፣ የቦሎኛ ከተማ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይ ምንጭ እስከሆነው ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት ሄዷል፣ በዓመቱ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈና ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው። ሙት አይከራከር!

ማጣራት ቀላል ነው። የዬል የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የባሉጋኒን ስም ፈልጉ፤ የኢትዮጵያ ዕፀዋት ሥዕሎቹ በስሙ ተመዝግበው ታገኛላችሁ። ወፍ ዋሻ ጫካ ወጥታችሁ የምታውቁ ደግሞ የኮሶውን ቅጠል ጠርዝ አስተውሉት። እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። እሱን አንድ በአንድ ለመሳል ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ መዋል ይጠይቃል።

ይህን ያነሳሁት ለጭቅጭቅ አይደለም። ልጆቹ ከሥዕሉ ሥር የሚለጥፉትን መግለጫ ከአስተያየታችሁ ገልብጠው ከጻፉት፣ የባሉጋኒ ልፋት ለሁለተኛ ጊዜ ለብሩስ ይሰጣል። ካልታተመ አሁኑኑ ስሙን አስተካክሉት፣ ከታተመም በእስክሪብቶ ቢሆን ጨምሩበት።