አስተርጓሚውስ የት ገባ?

ለምርምር ብለው ድሃ አገር ሄደው ዓመት ሁለት ዓመት የቆዩ ሰዎች የሚጽፉትን ትዝታ ማንበብ እወዳለሁ። ግን ብዙዎቹ ይመሳሰሉብኛል። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ መብራት ይጠፋል፤ ወባ ያዘኝ፤ ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው፣ ድሃ ቢሆኑም ይስቃሉ። አለቀ። ሰዎቹ እነማን ናቸው? ስም የላቸውም። ጀነሬተሩ እንኳ ከእነሱ የበለጠ ተወርቶለታል።

የዚህ ዓይነት ቆይታ አባት የሚባለው የሰዎችን ባህልና አኗኗር ያጠና የነበረው (አንትሮፖሎጂስቱ) ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ነው። ፖላንዳዊ ነው፤ ዜግነቱ ግን የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 (እ.ኤ.አ.) ሲፈነዳ አውስትራሊያ ውስጥ ስለነበር የጠላት አገር ሰው ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ምርምሩን እንዲቀጥል ፈቀዱለት። ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ከኒው ጊኒ አጠገብ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች በሁለት ዙር ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። ኦማራካና በምትባል መንደር ድንኳን ተከለ፤ ቋንቋውንም ተማረ። በ1922 የታተመው መጽሐፉ ለተመራማሪዎች ያስተማረው ነገር ቀላል ነው፦ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ ሰው አታስጠሩ፤ ሄዳችሁ አብራችሁት ኑሩ።

ማሊኖቭስኪ በ1942 ሞተ። በ1967 ደግሞ እዚያ ሳለ ለራሱ ብቻ የጻፈው የዕለት ማስታወሻ ታተመ። ጉድ ፈላ። ያ ታጋሽ አዋቂ በማስታወሻው ውስጥ ይሰላቻል፣ ስለ ጤናው ይጨነቃል፣ ሥራውን ትቶ ልብ ወለድ ውስጥ ይደበቃል፣ ሴት ይናፍቃል። የደሴቶቹን ሰዎች ደግሞ ይሳደባል፤ ያውም በጣም አስቀያሚ ስድብ።

ስድቡን ለማስተባበል አልሞክርም። ግን እኔ ማር ከተቀባው ትዝታ ይልቅ ይህን ማስታወሻ አምነዋለሁ። ሰው አገር ብዙ የቆየ እንግዳ እንዲህ ነው። ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ጥገኛ ነው። የሚያናድደውም ይኸው ይመስለኛል፤ በአገሩ የተማረ ሰው ነበር፣ እዚህ ግን ከሕፃን እኩል ነው። የማን ቤት እንደሚገባ፣ የትኛው ጥያቄ ነውር እንደሆነ፣ ማን እየቀለደበት እንደሆነ የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። አስተርጓሚው አንድን ቃል ለማለዘብ ብሎ ቢቀይረው ጥናቱ አብሮ ይቀየራል። እና ይህ ሰው ትዝታው ላይ ሲደርስ "ረዳቴ" ሆኖ ይቀራል። ስንት ይከፈለው ነበር? ምን ብሎ ተከራከረ? ተመራማሪው ሻንጣውን ሸክፎ ሲሄድ ምን ሥራ አገኘ? እኔ ማንበብ የምፈልገው እሱን ነው።

ችግሩ የአስተርጓሚ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ1976 የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ያኔ ዛየር፣ ያምቡኩ በተባለች መንደር ያልታወቀ በሽታ ገባ። ዣን-ዣክ ሙየምቤ የተባለ ኮንጎአዊ ሐኪም ሄዶ ያለ ጓንት ከሕሙማን ደም ቀዳ። መርፌው የገባበት ቦታ ደሙ አልቆም እያለ የሐኪሙን እጅ በደም ያቆሽሸው ነበር። እንዴት እንደተረፈ እንጃ። ከታመሙት መነኮሳት አንዷን ይዞ ወደ ኪንሻሳ ተመለሰ፤ ደሟም ወደ ቤልጂየም ተላከ። የኢቦላ ቫይረስ ተገኘ ተባለ። ሙየምቤ እኮ ረዳት አልነበረም፤ እዚያው ቤልጂየም ተምሮ የተመለሰ የቫይረስ ሊቅ ነው። ግን የግኝቱ ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረው ከውጭ በመጡት ተመራማሪዎች ትዝታ በኩል ነው።

እነሱ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እሱ እዚያው ቀረ። በ1995 ኪክዊት ከተማ ላይ ኢቦላ ሲነሳም እዚያው ነበር። ከዚያ ወረርሽኝ ከተረፈ ሰው ደም የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት በሽታን ለመዋጋት የሚሠራው ንጥረ ነገር) መድኃኒት ሆኖ አሜሪካ ያጸደቀችው በ2020 ታኅሣሥ ላይ ነው።