ለበኩር ወላድ ምጡ አስቀድሞ ይነገራት

በሰሜን ሸዋ የመጀመሪያ ልጇን ላረገዘች ሴት ምርቃት ሞልቷል፤ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የማይላት የለም። ቡና ላይ ደግሞ ሁለት ቀን ያማጠችው የእገሊት ወሬ ይነሳል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የደም ግፊቷ ተለክቶ፣ ደሟ ታይቶ፣ የአይረን ክኒኗን ይዛ ትመለሳለች። ምጥ እንዴት ጀምሮ እንዴት እንደሚያልቅ ሳትሰማ ቀኗ ይደርሳል።

ፍርሃቱ ጉዳት አለው። በመጀመሪያው ቁርጠት ደንግጣ የመጣች «ገና ነሽ» ተብላ ትመለሳለች፤ ያፈረች ሴት ደግሞ በዋናው ምጥ ቤቷ ትቆያለች።

ቀኗን ማወቅ ይቀድማል። የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ዕለት ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ መሐል ጳጉሜን ካለች 9 ወር ከ5 ቀን። በታኅሣሥ ገብርኤል ያየች መስከረም 24 አካባቢ ትጠብቅ። ቀኑን በቁጥር ያልያዘች በዓሉን ከነገረች ለአዋላጇ ይበቃል። ከመኪና መንገድ የራቀች የመንዝ ወይም የግሼ ሴት ሁለት ሳምንት ያህል ቀድማ የእናቶች ማቆያ ብትገባ ይሻላታል።

የውሸት ምጥ ስትንቀሳቀስ ወይም ስታርፍ ይለቃታል። የእውነቱ እየበረታና እየተቀራረበ ይሄዳል፤ በየ5 ደቂቃው መጥቶ አንድ ደቂቃ ያህል ከያዛት መነሳት ነው፤ ቤቷ ሩቅ ከሆነ ከዚያም በፊት። የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር እስኪከፈት የሚፈጀው ጊዜ ከሴት ሴት ይለያያል፣ በበኩር ረጅም መሆኑም ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓታት አያልፍም፤ መግፋቱ እስከ 3 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ልጁ እንደወጣ ጭኗን የምትወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ደም እንዳይፈሳት ነው። ይህን ያልሰማች ሴት መርፌውን ስታይ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስላታል።

የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማትና ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ምጥ ባይኖርም አትጠብቅ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. የእርግዝና ክትትሉን ከ4 ወደ 8 ሲያሳድግ ለዚህ ወሬ ጊዜ ተገኝቷል። በስምንተኛው ወር ከሚደረጉት በአንዱ ሩብ ሰዓት ይሰጣት፤ የምትወልድበት ክፍልና አልጋም ይታያት። በምጧ ጊዜ አብራት የምትሆነው እናቷ ወይም አማቷ ያን ዕለት አብራ ትምጣ፤ የማዋለጃው በርም ለእሷ አይዘጋ።