የለገሀር ልጅ አስተያየት

በአዲስ አበባው የድሮ ባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ በለገሀር፣ ስለሚካሄደው ግንባታ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ለገሀርን ባቡሩ ከቆመ በኋላ የዛገ ሐዲድና ባዶ መጋዘን ብቻ የቀረበት ቦታ አድርገው ነው የሳሉት። እኛ ግን እዚያው ነበርን። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ አባቴን ጨምሮ ስንቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጆቹን ያሳደገው እዚያ ነው። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ሄደ፣ ሰፈርተኛው ቀረ።

ግንባታውን አልቃወምም። ቆርቆሮው ያረጀ የቀበሌ ቤትና የጋራ ሽንት ቤት የሚናፍቀው ያልኖረበት ሰው ነው። ኅዳር 2011 ፕሮጀክቱ ይፋ ሲደረግ ነዋሪው እንደማይፈናቀል፣ እዚያው ቤት እንደሚሠራለት ተነግሮናል። ይሁን። የቀበሌ ቤት ውል ያለው ይቆጠራል፤ ከጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታስረክበዋ ሴትስ በማን መዝገብ ላይ ትሰፍራለች?

ሌላው እድር ነው። የእኛ እድር ዕቃ ቤት ውስጥ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ሁለት ሰው የሚሸከማቸው ብረት ድስቶች አሉ። ፎቅ ላይ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ የት ይተከላል? ኮንዶሚኒየም የገቡ ዘመዶቼ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የሚተክሉት፣ ያውም ከጥበቃው ጋር ተጨቃጭቀው። (ዝናብ ከሆነማ አይነሣ!) ንድፍ የሚያወጡት ባለሙያዎች ለዚህ የሚሆን አንድ ሰፊ አዳራሽና ዕቃ ቤት ከወዲሁ ቢያስቡበት ወጪው ከሕንፃው አንጻር ኢምንት ነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ከኢንጂነሮቹ ሌላ የእድር ዳኞችንም ቢያነጋግሩ ደስ ይለኛል።