ለኮራል ዱቄቱም በጀት ይያዝለት

ኮራል እንደ ድንጋይ የጠነከረ አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ ነው። ከአጽሙ የተፈጨ አንድ ዓይነት ዱቄት ለብዙ ላብራቶሪዎች አከፋፍላችሁ "ይህ ኮራል ሲያድግ ባሕሩ ስንት ዲግሪ ነበር?" ብትሉ፣ መልሱ እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊራራቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና 21 ላብራቶሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ያሳየው ይህንን ነው። በእርግጥ 7 ዲግሪ የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ አብዛኞቹ ውጤቶች ተቀራርበዋል። ቢሆንም ያስደነግጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮራል አጽሙን ሲሠራ ከካልሲየሙ ጋር ካልሲየምን የሚመስል ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገርም በጥቂቱ ያስገባል። ውሃው ሲሞቅ የስትሮንቲየሙ ድርሻ ይቀንሳል። ግን የሚቀንሰው በአንድ ዲግሪ ከ1 በመቶ ባነሰ ነው! ስለዚህ አንዱ ላብራቶሪ የማሽኑን ማስተካከያ ፈሳሽ ሲያዘጋጅ ትንሽ ቢስት፣ ያቺ ስህተት ወረቀት ላይ የባሕር ሙቀት ለውጥ መስላ ትወጣለች። በተለያየ የሚዛን ድንጋይ የተመዘነ እህል እንደማነጻጸር ነው።

መፍትሔው የጋራ ዱቄት ነው፤ ሁሉም ላብራቶሪ ያንኑ ዱቄት ይለካል፣ ያገኘው ከታወቀው ቁጥር ከራቀ ስህተቱን ያውቃል። የጃፓን ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከኢሺጋኪ ደሴት የተገኘ ፖሪተስ የሚባል ኮራል ፈጭቶ ጄሲፒ-1 ብሎ አከፋፈለ። ያ ጥናት የዱቄቱን የስትሮንቲየምና ካልሲየም ምጣኔ 8.838 ሚሊሞል በሞል (ለሺህ የካልሲየም አቶም ወደ 9 የሚጠጋ የስትሮንቲየም አቶም) ብሎ አጸደቀው። የቀረው ጥርጣሬ 0.041 ነው፤ ወደ ሙቀት ሲቀየር 0.7 ዲግሪ ገደማ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ለማሽን ገንዘብ ሲፈለግ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ለዱቄቱ ሲሆን ዝም ይባላል። የጋራውን ዱቄት ለክቶ ስንት እንዳገኘ የማይጽፍ የኮራል ጥናት መታተም የለበትም ባይ ነኝ። እኛንም ይመለከታል። በቦረና ሐጋያ፣ በሶማሌ ዴይር የሚባለው የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቴርሞሜትር ያልነበረበትን ዘመን ሙቀት ከሚነግሩን ጥቂት ምስክሮች አንዱ ደግሞ ኮራል ነው።

ዱቄት ያልቃል። ለኦክስጅንና ለካርቦን አይሶቶፕ (በክብደት ለሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) የጋራ መለኪያ የነበረው፣ ቤለምናይት የሚባል የጠፋ የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል፣ ከአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የተገኘው፣ ድሮ አለቀ። የተካው ኤንቢኤስ-19 የሚባል እብነ በረድም አለቀና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሌላ ማዘጋጀት ነበረበት። ኤልስቬክ የሚባለው ሌላው የካርቦን አይሶቶፕ መለኪያ፣ የሊቲየም ካርቦኔት ዱቄት፣ ደግሞ ሳያልቅ ተበላሸ፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቁጥሩ ተንሸራተተ፣ ስንት ላብራቶሪ እየተማመነበት!

እና ተተኪው መፈጨት ያለበት አሮጌው እጅ ላይ እያለ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ በብዙ አገር ላብራቶሪዎች መለካት አለባቸው። አሮጌው ካለቀ በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም። የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ተቋማት ማሽን ሲገዙ የዱቄቱንም በጀት እዚያው ውል ውስጥ ያስገቡት።