ክርክር፦ ታያባክን መናፈሻ ያድነዋል ወይ?

ታያባክ የፊሊፒንስ ሐረግ ነው። ሌላው ዓለም ጄድ ቫይን ይለዋል። ደኑ ሲመነጠር እሱም አብሮ እያለቀ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል።

ያድነዋል

ቀለሙን መናገር ያስቸግራል። አረንጓዴ ነው ስትሉ ሰማያዊ ይሆንባችኋል። እንደ ጥፍር የተቆለመሙ አበቦች በአንድ ዘንግ ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አንዳንዱ ዘንግ ከ1 ሜትር ያልፋል። ሰው ስለወደደው ዛሬ ሃዋይም ሲንጋፖርም አለ። ለንደን ኪው መናፈሻ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ያብባል። የኪው ሰዎች የአበባውን ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ በእጅ አዳርሰው ፍሬ እንዲይዝም አድርገዋል። መጥረቢያ የያዘ ሰው የእኛን ክርክር ቆሞ አይሰማም። ቢያንስ ዘሩ ይትረፍ ነው የምለው።

አያድነውም

ወንድሜ፣ በውበቱ አንጣላም። ግን በእጅ ማዳረስ ለምን እንዳስፈለገ ዘለሉት። ጫካ ውስጥ ይህ የሌሊት ወፍ ሥራ ነው። ሲመሽ ትመጣለች። ዘንጉ ላይ ዘቅዝቃ ተንጠልጥላ የአበባውን ወለላ ትጠጣለች። ብናኙ ጭንቅላቷ ላይ ይቀራል፤ ወደሚቀጥለው አበባ ይዛው ትሄዳለች። ኪው ያሉት ሰዎች የእሷን ሥራ ነው የሠሩላት። እነሱ ጡረታ ሲወጡስ?

ደግሞ ከአንድ ሐረግ እየቆረጡ መቶ ቦታ ቢተክሉት ያው አንድ ተክል ነው። አንድ በሽታ ቢገባ ሁሉንም ጠራርጎ ይሄዳል።

ጫካው አለቀለት እንዳይሉኝ። አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ አሳ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1854 ይህን ሐረግ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከማኪሊንግ ተራራ በተገኘ ናሙና ነው። ማኪሊንግ ከማኒላ ብዙም አይርቅም። ከ1910 ጀምሮ ተከልሎ ዛሬም ደን ነው።

ያድነዋል

ማኪሊንግን ማንሳትዎ ጥሩ ሆነ፣ እህቴ። እዚያው ተራራ ላይ የዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መናፈሻ አለ። ስለዚህ ጫካና መናፈሻ ጎረቤት መሆን ይችላሉ። በቁርጥራጩ ነገር ግን ረቱኝ። ከተለያየ ሐረግ ዘር ይሰብሰብ።

አያድነውም

ይሰብሰብ። ግን የባቄላ ዘመድ ነው ብለው ጎተራ እንዳይከቱት። ዘሩ ቶሎ ካልተተከለ ይሞታል። ተተክሎ በቀለ እንበል፤ የሚወጣበት ዛፍስ የት አለ?